ስኮትላንዳውያን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች

ስኮትላንድ የብሪታንያን ደሴት ሰሜናዊ ክፍል የያዘች አገር ናት። የሕዝቧ ቁጥር ዛሬም ከ6 ሚሊዮን በታች ሲሆን፣ ከመሬቷ አብዛኛው ተራራማና ለእርሻ የማይመች ነው። ይሁን እንጂ ልጆቿ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ በሒሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ፣ በሥነ ምድር፣ በሕክምናና በምሕንድስና ያበረከቱት ሥራ ከብዙ ታላላቅ አገሮች የሚተናነስ አይደለም። ሎጋሪዝም፣ የተሻሻለው የእንፋሎት ሞተር፣ የኤሌክትሮማግኔት ንድፈ ሐሳብ፣ ስልክና ፔኒሲሊን ከስኮትላንዳውያን ስም ጋር የተያያዙ ናቸው። ለዚህ ውጤት ያበቃት ትምህርት ለብዙኃኑ ቀድሞ መዳረሱና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከእጅ ባለሙያዎች ጋር ተቀራርበው መሥራታቸው ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የትምህርት መሠረት

በ1560 የተካሄደው የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎች ምእመናን ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን ራሳቸው ማንበብ አለባቸው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ በየአጥቢያው ትምህርት ቤት እንዲከፈት ጠየቁ። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ እስኪውል ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ1696 የወጣው ሕግ ግን የየአጥቢያው ባለርስቶች ትምህርት ቤት እንዲሠሩና የመምህሩን ደመወዝ እንዲከፍሉ አስገደደ። በዚህም ምክንያት የእረኛና የገበሬ ልጆች ፊደል የመቁጠር ዕድል አገኙ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ፣ የግላስጎው፣ የአበርዲንና የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲዎች ነበሯት። ጎረቤቷ እንግሊዝ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የነበሯት ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ብቻ ናቸው። በ1726 የተቋቋመው የኤድንብራ የሕክምና ፋኩልቲ ከመላው አውሮፓና ከአሜሪካ ተማሪዎችን ይስብ ነበር። በግላስጎው ደግሞ በፕሮፌሰር ጆን አንደርሰን ኑዛዜ መሠረት በ1796 የተከፈተው ተቋም ለሠራተኞችና ለሴቶች ትምህርት ይሰጥ ጀመር። የዛሬው ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ የዚህ ተቋም ወራሽ ነው።

ከሎጋሪዝም እስከ ምድር ዕድሜ

የኤድንብራው ባላባት ጆን ኔፒየር (1550–1617) በ1614 ሎጋሪዝምን ለዓለም አስተዋወቀ። ይህ ስልት ማባዛትን ወደ መደመር፣ ማካፈልን ወደ መቀነስ ስለሚለውጥ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትንና የመርከበኞችን አድካሚ ስሌት አቀለለ። የኤሌክትሮኒክስ ማስያ እስኪመጣ ድረስ መሐንዲሶች በዚህ ስልት ሲገለገሉ ኖረዋል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኤድንብራ የአውሮፓ የዕውቀት መናኸሪያ ሆነች። ጆሴፍ ብላክ (1728–1799) ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው ጋዝ ከተራ አየር የተለየ መሆኑን አሳየ። በረዶ ሲቀልጥና ውኃ ሲፈላ የሙቀት መጠናቸው ሳይጨምር ብዙ ሙቀት እንደሚወስዱም ደረሰበት፤ ይህም ስውር ሙቀት ይባላል።

የብላክ ወዳጅ ጄምስ ሐተን (1726–1797) ሕክምና የተማረ ገበሬ ነበር። በእርሻው ላይ አፈር በጎርፍ ሲታጠብ እያየ፣ ምድር በዝግታና ያለማቋረጥ እንደምትፈርስና እንደምትገነባ ተረዳ። በ1788 በሲካር ፖይንት የባሕር ዳርቻ ቀጥ ብለው በቆሙ ጥንታዊ አለቶች ላይ ሌሎች ንብርብር አለቶች ጋደም ብለው ያረፉበትን ቦታ ለጓደኞቹ አሳየ። የታችኞቹ አለቶች ተነባብረው፣ ተጣጥፈው፣ ተሸርሽረው፣ በሌላ ደለል እስኪሸፈኑ ድረስ ሊገመት የሚያዳግት ዘመን ማለፍ ነበረበት። በዚያን ጊዜ ብዙዎች የምድር ዕድሜ ጥቂት ሺህ ዓመት ብቻ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ የሐተን ማስረጃ ለዘመናዊው ሥነ ምድር መሠረት ጣለ።

ጄምስ ዋትና የእንፋሎት ሞተር

በግሪኖክ የተወለደው ጄምስ ዋት (1736–1819) በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ የሳይንስ መሣሪያዎችን የሚሠራና የሚጠግን ባለሙያ ነበር። በ1763 የቀድሞው የኒውከመን የእንፋሎት ሞተር ናሙና እንዲጠግን ተሰጠው። በዚህ ሞተር ውስጥ እንፋሎቱ ሲሊንደሩን ከሞላ በኋላ ቀዝቃዛ ውኃ ይረጭበትና ወደ ውኃነት ይመለሳል፤ በሚፈጠረው ባዶነት የተነሳም የአየር ግፊት ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። ችግሩ ሲሊንደሩ በእያንዳንዱ ዙር ቀዝቅዞ እንደገና መሞቅ ስላለበት አብዛኛው የድንጋይ ከሰል በከንቱ መባከኑ ነበር።

ዋት በ1765 መፍትሔውን አገኘ። እንፋሎቱን ከሲሊንደሩ አውጥቶ በሌላ ዕቃ ውስጥ ቢያቀዘቅዘው ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ስለ ስውር ሙቀት ብላክ የሰጠው ማብራሪያ ብክነቱ ከየት እንደመጣ እንዲገባው ረድቶታል። የፈጠራ መብቱን በ1769 ካስመዘገበ በኋላ ከበርሚንግሃሙ ባለፋብሪካ ማቲው ቦልተን ጋር ተሻረከ። ሁለቱ ሸሪኮች ከደንበኞቻቸው የሚያስከፍሉት አዲሱ ሞተር ከቀድሞው ሲነጻጸር ከሚያድነው የነዳጅ ወጪ አንድ ሦስተኛውን ነበር። ዋት የሞተርን አቅም በፈረስ ጉልበት መለካትን አስለመደ። ዛሬ በአምፖልና በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የምናነበው የኃይል መለኪያ «ዋት» የተሰየመው በእርሱ ስም ነው።

መንገድ፣ ድልድይና የባሕር ላይ ማማ

ቶማስ ቴልፎርድ (1757–1834) የእረኛ ልጅ ነበር፤ ሥራ የጀመረውም በድንጋይ ጠራቢነት ነው። ከጊዜ በኋላ በስኮትላንድ ደጋማ አካባቢዎች ብዙ መንገዶችንና ድልድዮችን ሠራ፤ የካሌዶኒያን የመርከብ ቦይንም ቀየሰ። በዌልስ የገነባው የሜናይ ተንጠልጣይ ድልድይ በ1826 ሲከፈት በምሰሶዎቹ መካከል ያለው 176 ሜትር ርዝመት በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም። ጆን ማክአዳም (1756–1836) በበኩሉ መንገድን ከአካባቢው መሬት ከፍ አድርጎ፣ የውኃ መውረጃ አበጅቶ፣ በደቃቁ የተፈለጠ ድንጋይ ማልበስ ለሠረገላ ጎዳና እንደሚበቃ አሳየ።

ሮበርት ስቲቨንሰን ግንባታውን የመራው የቤል ሮክ የባሕር መብራት ማማ የቆመው ባሕሩ ሲሞላ ውኃ በሚውጠው አለት ላይ ነው። ሠራተኞቹ ግንባታውን ያካሄዱት ባሕሩ በሚሸሽባቸው ጥቂት ሰዓታት እየተሻሙ ነበር። መብራቱ በ1811 በራ፤ ማማው እስከ ዛሬ አልተናወጠም።

ጄምስ ብሩስና ኢትዮጵያ

የኪኔርዱ ባላባት ጄምስ ብሩስ (1730–1794) የሥነ ፈለክ መሣሪያዎቹን ይዞ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በ1770 ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን አየ። ከእርሱ በፊት ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን አይቶት ነበር። ብሩስ ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ከሳላቸው የዕፅዋት ሥዕሎች ጋር የግእዝ የብራና መጻሕፍትን ወደ አውሮፓ ወሰደ። ከእነዚህ መካከል ያለው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ይዘቱ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረ በመሆኑ ለአውሮፓ ሊቃውንት አዲስ የጥናት በር ከፈተ። አገሬው ለተቅማጥ መድኃኒት የሚጠቀምበት ዋጊኖስ የሚመደብበት የዕፅዋት ወገን በሳይንሳዊ ስሙ ብሩሲያ ተብሎ በተጓዡ ስም ተጠርቷል።

ኬልቪንና ማክስዌል

ዊልያም ቶምሰን፣ በማዕረግ ስሙ ሎርድ ኬልቪን (1824–1907)፣ በቤልፋስት ተወልዶ በግላስጎው ያደገ ሲሆን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለ53 ዓመታት አስተምሯል። በ1848 ያቀረበው የሙቀት መለኪያ የሚነሳው ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነው የመጨረሻ ቅዝቃዜ ነው። በ1866 ለተሳካው የአትላንቲክ የቴሌግራፍ ገመድም ደካማ ምልክት የሚያነብ መሣሪያ ፈልስፏል።

የኤድንብራው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል (1831–1879) ከኒውተንና ከአንስታይን ጋር የሚጠራ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በ1865 ባሳተመው ጥናት ኤሌክትሪክና ማግኔት የአንድ ነገር ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን በሒሳብ አሳየ። የሞገዳቸው ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት ጋር እንደሚገጥም ሲያሰላም ብርሃን ራሱ የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ ነው ብሎ ደመደመ። እርሱ በ48 ዓመቱ ካረፈ በኋላ ጀርመናዊው ሄርትዝ ሞገዶቹ መኖራቸውን በሙከራ አረጋገጠ። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ራዳርና ተንቀሳቃሽ ስልክ የቆሙት በዚህ ንድፈ ሐሳብ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ ሦስት ስኮትላንዳውያን የመገናኛን ዓለም ለወጡት። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 አሜሪካ ውስጥ የስልክን የፈጠራ መብት አገኘ። ጆን ሎጊ ቤርድ በ1926 ለንደን ውስጥ ቴሌቪዥን አሳየ። ሮበርት ዋትሰን ዋት በ1935 አውሮፕላንን በሬዲዮ ሞገድ መለየት እንደሚቻል አረጋገጠ። ከመገናኛው ዘርፍ ውጭ፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ደዋር በ1892 የሠራው፣ በሁለት ግድግዳዎቹ መካከል አየር የሌለው ጠርሙስ ደግሞ የዛሬው ፔርሙዝ አባት ነው።

ሕክምና

የባሕር ኃይል ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ በ1747 ስከርቪ በተባለው በሽታ የታመሙ 12 መርከበኞችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ፈጥነው አገገሙ። ይህ በሕክምና ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ ንጽጽራዊ ሙከራዎች አንዱ ነው። የኤድንብራው የማዋለድ ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን በ1847 ክሎሮፎርምን ለምጥ ማስታገሻነት አዋለ።

የገበሬ ልጁ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ (1881–1955) በ1928 ለንደን በሚገኘው ቤተ ሙከራው አንድ ሻጋታ ባክቴሪያን እንደሚገድል አስተዋለ። ፔኒሲሊንን አጣርተው ለሕሙማን ያበቁት ግን ፍሎሪና ቼይን የመሩት የኦክስፎርድ ቡድን ነው፤ ሦስቱም በ1945 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። በግላስጎው ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ ፋብሪካዎች በብረት ውስጥ ያለን ስንጥቅ የሚፈልጉበትን የድምፅ ሞገድ ለማህፀን ምርመራ ሞከረው። ከመሐንዲሱ ቶም ብራውንና ከሐኪሙ ጆን ማክቪካር ጋር በ1958 ያሳተመው ጥናት ዛሬ ለነፍሰ ጡር እናቶች ለሚደረገው የአልትራሳውንድ ምርመራ መንገድ ጠረገ።

ሴቶች

ሜሪ ሶመርቪል (1780–1872) ልጅ ሳለች ሌሊት ሒሳብ እንዳታጠና ሻማ ይወሰድባት ነበር። በ1831 ያሳተመችው የሰማይ አካላትን እንቅስቃሴ የሚያብራራ መጽሐፍ ግን በካምብሪጅ የመማሪያ መጽሐፍ ሆነ። የዳንዲ ተወላጇ ዊልያሚና ፍሌሚንግ ወደ አሜሪካ ተሰድዳ ከቤት ሠራተኝነት ወደ ሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ማዕከል ገባች፤ ከ10,000 በላይ ኮከቦችን መደበች። በ1869 በኤድንብራ ሕክምና ለመማር የተመዘገቡት ሴቶች ግን ዲግሪ ተከለከሉ። የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመሩት በ1892 ነው።

ግምገማ

ስኮትላንዳውያን ብቻቸውን ፈለሰፏቸው የሚባሉ ብዙ ነገሮች በእርግጥ የብዙ ሰዎች የጋራ ድካም ውጤት ናቸው። የቤልን ቀዳሚነት ሌሎቹ የስልክ ፈልሳፊዎች ግሬይና ሜውቺ ተከራክረውበታል፤ የቤርድንም ስልት የኤሌክትሮኒክስ ቴሌቪዥን ተክቶታል። የአገሪቱ ብልጽግናም ከባሪያ ንግድና ከባሪያ ጉልበት ከተገኘ ሀብት ነጻ አልነበረም፤ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ከዚህ ገንዘብ መጠቀሙን በ2018 በይፋ አምኗል።

የምርምሩ ባህል ዛሬም አልተቋረጠም። ከአዋቂ በግ ሴል የተገኘችው በግ ዶሊ በ1996 በኤድንብራ አቅራቢያ በሮዝሊን ተቋም ተወለደች። የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ሂግስም በ1964 የተነበየው ቅንጣት በ2012 በሙከራ ተገኝቶ በቀጣዩ ዓመት የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ከስኮትላንድ ታሪክ የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት ግልጽ ነው፤ የድሀ ልጅን የሚያስተምርና የእጅ ሙያን የማይንቅ አገር በሕዝብ ቢያንስም ለዓለም የሚተርፍ ዕውቀት ያፈራል።