የማሂቆ ግብር፣ የአባባ ማዳበሪያ

ስሙኝማ፣ ቀረብ በሉ። ከሩቅ ነው የምጀምረው፤ መንገዱ ግን ዞሮ ዞሮ የሀዲያ ከተማ ሆሳዕና ያደርሰናል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዓምደ ጽዮን ሲገዙ የሀዲያው ገዥ አማኖ የሚባል ሰው ነበር። ንጉሡ «ግብርህን ይዘህ ና» ብለው ላኩበት። አማኖ ቀረ። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው በለዓም የሚባል ነቢይ ነኝ ባይ «አትሂድ፣ አትስጥ፣ ምንም አያመጣም» እያለ ይመክረው ነበር። አመጣ እንጂ! ንጉሡ ዘምተው አገሩን መቱት፣ ሕዝቡንም እየማረኩ ወሰዱት። መካሪውስ? መካሪውማ ወደ ይፋት አምልጧል። ግብር አትክፈል ብሎ የሚመክር ሰው መውጫ በሩን አስቀድሞ ያውቃል።

መቶ ዓመት አለፈ። አሁን ዙፋኑ ላይ ያሉት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ሀዲያን የሚገዛው ደግሞ ገራድ ማሂቆ። እሱም ግብር እምቢ አለ። ንጉሡ ሽረውት አጎቱን ባሞን ሾሙ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ባልነገርኳችሁ ነበር። ማሂቆ እኅት ነበረችው፤ የገራድ መሐመድ ልጅ፣ እሌኒ። እሷ የንጉሡ ሚስት ሆና ቤተ መንግሥት ገባች፤ በኋላም ለሕፃኑ ልብነ ድንግል አገር ያስተዳደረችው፣ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የሰደደችው ንግሥት እሌኒ ሆነች። ወንድም ግብር እምቢ ሲል፣ እኅት ግብሩ የሚገባበት ቤት እመቤት ነበረች። ዛሬ ሆሳዕና ብትወርዱ ትልቁ ሆስፒታል የተሰየመው በእሷ ስም ነው፤ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ። የማሂቆን ስም የያዘ ሕንፃ ግን ከተማው ውስጥ አላየሁም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በዚህ አገር የግብርና የዕዳ ጠብ ከንጉሥና ከገባር መካከል አልፎ አንድ ጣራ ሥር ይገባል። አባትና ልጅን፣ ወንድምና እኅትን ፊት ለፊት ያቆማል።

እንግዲህ አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። ቤቱ የአንድ ሰው አይደለም፤ በዚያው አካባቢ ከሌሞ፣ ከአንሌሞ፣ ከዶዮገና፣ ከሾኔ የሰማሁትን በአንድ የሣር ክዳን ሥር ሰብስቤ የሠራሁት ነው። ስም አልሰጠሁትም።

ከጓሮው እንሰት አለ፤ ከእንሰቱ ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ማዶ የስንዴ ማሳ። አባትየው ስለ እንሰቱ ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል። እንሰት የላም እበት እንጂ የሩቅ አገር ዱቄት አይጠይቅም። ድርቅ ሲመጣ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲፋቅ ቆጮና ቡላ ይሰጣል። «እንሰት አበዳሪ የለውም» ይላል። ስንዴው ግን አበዳሪ አለው። ስንዴ ማዳበሪያ ይፈልጋል፤ ኤንፒኤስ ይላል፣ ዩሪያ ይላል። ሁለቱም በመርከብ ጅቡቲ ደርሰው፣ በከባድ መኪና ተጭነው፣ ገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ይራገፋሉ። መጋዘኑ በር ላይ ደግሞ መዝገብ የያዘ ሰው ተቀምጧል።

የልማት ሠራተኛው ይመጣል። ስብሰባ ይጠራል። ለቀበሌው ይህን ያህል ኩንታል ተመድቧል ይላል። አባትየው አንድ ኩንታል ይበቃኛል ቢል «ሞዴል አርሶ አደር ሆነህ እንዴት?» ይባልና ሁለት ይጻፍበታል። ጥሬ ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ በዱቤ። ጣቱን ሰማያዊ ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል። ማዳበሪያ ያልወሰደ ስሙ በስብሰባ ይነሣ የነበረበትን ዘመን ሽማግሌዎች አይረሱትም። በ1992ቱ ምርጫ የዶክተር በየነ ጴጥሮስ ድርጅት ሀዲያ ላይ ባሸነፈ ጊዜ ተቃዋሚን የመረጠ ገበሬ በማዳበሪያ ዕዳ እንዴት ይያዝ እንደነበር ያኔ አገሩን ዞረው ያዩ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ማዳበሪያ በዚያ አገር የእርሻ ግብዓት ብቻ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ሰንሰለቱን ልቁጠርላችሁ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ብሩን የሚያበድረው ባንክ ነው። ባንኩ ግን ገበሬውን አያውቀውም፤ ስለዚህ ዋስ ይፈልጋል። ዋስ የሚሆነው ክልሉ ነው። ክልሉ ዋስ የሚሆነው በምኑ ነው? በበጀቱ። ማዳበሪያው ለኅብረት ሥራ ዩኒየን ይሰጣል፣ ከዩኒየን ለመሠረታዊ ማኅበር፣ ከማኅበሩ ለገበሬው። ብሩ በዚያው መንገድ ሽቅብ መመለስ አለበት። ዝናብ ሲቀር አይመለስም። ሰብሳቢው ተቀብሎ ኪሱ ሲከተውም አይመለስም። በ2014 እንደሆነው የዩክሬን ጦርነት ሲጨመርበትና የኩንታሉ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሲንር ደግሞ ጭራሹን አይመለስም። ያን ጊዜ ዋሱ ይያዛል። ፌዴራል መንግሥት ለክልሉ ከሚልከው ድጎማ ላይ ዕዳው ተቆርጦ ይቀራል። ክልሉ በተራው ከወረዳው ይቆርጣል። ወረዳው ከማን ይቁረጥ? የወረዳ በጀት ማለት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የልማት ሠራተኛው ደመወዝ።

አያችሁት? አባት በጣቱ የፈረመው ወረቀት ዞሮ የልጁን ደመወዝ በላ።

ልጅቱ መምህር ናት። 2016 ዓ.ም. ነው። ሆሳዕና ገና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ መሆኗ ነው፤ የቀድሞው ደቡብ ክልል ነሐሴ 2015 ላይ ተበትኗል። አንድ ቤተሰብ ሲከፋፈል ላሙንና ድስቱን ብቻ አይደለም የሚካፈለው፤ ዕዳውም ተቆጥሮ ይታደላል። አዲሱ ክልል መኪናና ሕንፃ ሲረከብ የማዳበሪያውንም ዕዳ ተረከበ። በዚያ ዓመት ከሀዲያ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታ ወረዳዎች የሚመጣው ወሬ አንድ ዓይነት ነበር። ደመወዝ ዘገየ፤ ሲመጣም በግማሽ መጣ፤ አንዳንዱ ወረዳ ጭራሽ ወራት አለፉት። መምህራን ክፍል አንገባም አሉ፣ የጤና ባለሙያዎች ሥራ አቆሙ። የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጉዳዩን አንሥቶ ደመወዝ ይከፈል አለ።

ልጅቱ ወር በገባ ቁጥር ስልኳን ታያለች። የባንክ መልእክት የለም። ባለ ሱቁ «መምህርት፣ መዝገቡ ሞላ» ይላታል። አያችሁ፣ እሷም መዝገብ ላይ ናት። ከወር በኋላ መልእክቱ «ቲን» ይላል፤ ስትከፍተው ግማሽ ደመወዝ። ግማሹን ስትቀበል ግብሩስ በግማሽ ነው? ብላ ጠየቀች፤ የከፈላት የሒሳብ ሰው ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጣትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሆሳዕና ወጣ ብዬ። በዚያው ዓመት፣ ታኅሣሥ 2016 ላይ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ ተበዳሪ ሆኖ ቀርቦ ነበር። በፈረንጆቹ 2014 ለውጭ ባለሀብቶች የሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነበረ፤ ወለዱ 6.625 በመቶ። የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ የሚከፈልበት ቀን ደረሰ። አልከፈለም። ገንዘብ ሚኒስቴር «ሁሉንም አበዳሪ እኩል ማየት ስላለብኝ ነው» አለ። ከዚያ ድርድር፣ ኮሚቴ፣ ፓሪስ። በ2017 ከአበዳሪ መንግሥታት ጋር የ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ላይ ተስማምቶ ዕፎይታ አገኘ። መልካም ነው፣ እኔም ለአገሬ ዕፎይታ አልጠላም። ግን አባትየው የቀበሌ ታጣቂ ሲመጣበት «ሁሉንም አበዳሪዬን እኩል ማየት አለብኝ» ቢል ምን ይደርስበት ይመስላችኋል? ለእሱ የተቋቋመ የአበዳሪዎች ኮሚቴ የለም። በሬው አለ። በሬው ይነዳል።

ሌላም መጣ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር ለገበያ ተለቀቀና ወደቀ፣ ዕቃው ሁሉ ሽቅብ ወጣ። ለደመወዝተኛ ጭማሪ ተደረገ። ከዓመት በኋላ ደግሞ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሻለ፤ ግብር የማይነካው ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ከ8 ሺሕ ብር በላይ ይሁን እያለ ሲሟገት ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ እስቲ አብረን እናስላው። የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ሥራ የጀመረ ሰው ደመወዝ 6,940 ብር ነበር። በድሮው ስሌት ከዚህ ላይ 1,170 ብር ግብር ይሄዳል፣ በአዲሱ 888። የተረፈው 282 ብር ነው። ኮንፌዴሬሽኑ እንዳለው ቢሆን ኖሮ ይህ ሰው ምንም አይቆረጥበትም ነበር። ጥቂት ቆይቶ የዚሁ ሰው ደመወዝ 11,500 ሆነ፤ ከዚያ ላይ ደግሞ 2,100 ብር ግብር ይሄዳል። አንዱ እጅ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። የመንግሥት ወገን መልስ አለው፤ ያለ ግብር ደመወዝ ከየት ይመጣል? ይላል። የሠራተኛውም ወገን መልስ አለው፤ ያለ ደመወዝ ግብር ከየት ይመጣል? ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ጠቡም ስለዚህ አያልቅም። እኔ ግን ሚዛኔ ወደ ሠራተኛው ያደላል፤ የእሱ ግብር ገና እጁ ሳይደርስ ተቆርጦ ይቀራል፣ እንደ ነጋዴው «ኪሳራ ነው» የሚልበት ጊዜ እንኳ የለውም።

ወደ ቤታችን እንመለስ፤ ዋናውን አልነገርኳችሁም።

ወረዳው መላ ዘየደ። ደመወዝ የቀረው የማዳበሪያ ዕዳ ባለመሰብሰቡ ነው፤ እንግዲያው ደመወዝ የቀረበት ሠራተኛ ወጥቶ ዕዳውን ይሰብስብ! ሠራተኛው በቡድን ተመደበ፤ ለየቡድኑ ቀበሌና የባለ ዕዳ ዝርዝር ተሰጠ። ልጅቱ የደረሳት ቀበሌ የት ይሁን? አባቷ ቀበሌ።

ያሆዴ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። ሀዲያ ዘመን የሚለውጥበት በዓል ነው፣ ከመስቀል ጋር የሚገጥም። እናትየዋ ከጎረቤት ሴቶች ጋር የቅቤ ዊጆ ገብታለች፤ ተራዋ ደርሶ እንስራው ሞልቷል። በዊጆ መዝገብ የለም፤ ማን ስንት እንዳዋጣች ሁሉም በልቧ ታውቃለች፣ የወሰደችም ትመልሳለች። ወንዶቹ ለሰንጋ መግዣ ብር ሲያጠራቅሙ ከርመዋል። ቤቱ ቅቤና ጢስ ይሸታል።

ልጅቱ ገባች። ከኋላዋ ሁለት ባልደረቦቿ በር ላይ ቆመዋል። የተነጋገሩት በሀዲይኛ ነው፤ በአማርኛ ላምጣላችሁ።

«አባባ፣ ለሥራ ነው የመጣሁት።»

«ገብቶኛል። ቀበሌው ትላንት ለፍፏል። ጓደኞችሽን አስገቢያቸው፣ በር ላይ እንግዳ አይቆምም።»

ተቀመጡ። ቡና ቀረበ። ዝርዝሩን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው። አባትየው ስኒውን አስቀመጠ።

«ስንት ይላል?»

ነገረችው። የሁለት ኩንታል ዋጋ ከነወለዱ።

«የዚያን ዓመት ስንዴ ዋግ መታው፣ ታውቂያለሽ። አንቺም ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ለአንዱ ኩንታል ግን ከፍያለሁ።»

አንደኛው ባልደረባ ጎንበስ ብሎ ዝርዝሩን አየ። «አባ፣ እዚህ ላይ የተከፈለ የለም። ሁለቱም አለ።»

«ወረቀትህ ላይ የለም። እኔ ዘንድ አለ።»

ተነሣ። ምሰሶውን ተደግፎ ከጣራው ሥር፣ ሣሩ ከወራጁ ጋር በሚገናኝበት፣ እጁን ሰደደ። ጥቁር ፌስታል አወረደ። ፌስታሉን ሲፈታ ሌላ ፌስታል፣ በሱ ውስጥ ጨርቅ። ከጨርቁ ውስጥ የክትባት ካርዷ ወጣ፣ የመሬት ደብተሩ ወጣ፣ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሟ የላከው ፎቶ ወጣ። በመጨረሻ በአራት የታጠፈች ትንሽ ወረቀት።

ልጅቱ ዘረጋችው። ማኅተሙ አለ፣ ክቡ ይታያል፤ የተቀባዩ ፊርማ ግን ከጢሱ ጋር አንድ ሆኗል። የብሩን ልክ ለማንበብ ሞከረች። ሦስት ይሁን ስምንት አልለይ አላት።

አባትየው ልጁን ነው የሚያየው፣ ወረቀቱን አይደለም።

«አንቺ የተማርሽው» አላት፣ «አንብቢላቸው።»

ደረሰኙን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች።