የሐረማያ ሐይቅ መንገደኞች

በአገራችን የታሪክ መጻሕፍት ሐይቅ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ በደሴቶቹ ላይ ስላሉት ገዳማት ወይም በዳርቻው ስለ ተደረገው ጦርነት ሲነገር ነው። ሰው ወደ ሐይቅ የሚሄደው ለጸሎት ወይም ለንግድ ሳይሆን ድንኳኑን ተክሎ ለማደር፣ ዳር ዳሩን በእግሩ ለመዘዋወርና በታንኳ ለመንሸራሸር ብቻ የሆነበት ታሪክ ግን እምብዛም አልተጻፈም። አንዳንዶችም ይህን የመሰለው ልማድ ከፈረንጅ የመጣ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ይላሉ። እኔ ግን ከድሬዳዋ በላይ በደጋው ላይ ያለውን የሐረማያን ሐይቅ ታሪክ የመረመረ ሰው በዚህ አነጋገር የሚስማማ አይመስለኝም፤ በዚያ ውኃ ላይ ለመናፈስ የተሳፈሩበት አንድ ታንኳ የኢትዮጵያን ታሪክ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊወስደው ጥቂት ቀርቶት ነበርና።

አስቀድሞ ስለ ድሬዳዋ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ድሬዳዋ በባቡር ሐዲድ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ. ም. በታኅሣሥ ወር ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ለባቡሩ የማይቻል ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የባቡሩ ጣቢያ በቆላው ላይ ቀረ። ከተማይቱም በመጀመሪያው ጊዜ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ነው። በመካከልዋ የሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ቢባልም፣ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰውና ግመል የሚመላለሱበት ደረቅ አሸዋ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋ ሰው ሙቀቱ ሲጸናበት ዐይኑን ወደ ደቡብ ወደ ተራራው ማንሣቱ፣ ነፋሻ አየርና ውኃ ያለበትንም ስፍራ መመኘቱ የተፈጥሮ ነገር ነበረ።

ያ ስፍራ ሐረማያ ነው። ከድሬዳዋ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሐረር ደግሞ ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ይርቃል። ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ 2,000 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ በጠዋት ከድሬዳዋ የተነሣ እግረኛ ከሐይቁ ዳር ሲደርስ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው። መንገዱ ከግራርና ከቁልቋል መካከል ተነሥቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣል። ወደ ኋላ የተመለከተ ሰው ቆላው እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ ተዘርግቶ፣ ከተማይቱም በአቧራ መካከል እንደ ወደቀ ጌጥ ሆና ትታየዋለች። ከዳገቱ ራስ በኋላ አገሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ በእርከን የተሠራ የማሽላና የጫት እርሻ ይመጣል፤ አየሩም ይበርዳል። ከዚህ በኋላ ነው ሐይቆቹ የሚገኙት። ሐረማያ ትልቁ ሲሆን፣ አዴሌና ጢኒቄ የሚባሉት አነስተኞች ሐይቆች ጎረቤቶቹ ናቸው። የሐረማያ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ከዙሪያው ኮረብታ የወረደውን ዝናብ ይቀበላል፤ የተቀበለውንም ለፀሐይ፣ ለምድርና ለሰው ይሰጣል እንጂ ወደ ሌላ አገር አያሻግርም። ይህ ነገር በኋላ ለደረሰበት ዕድል ዋና ምክንያት ስለ ሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው ያስፈልጋል።

ስሙ ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ ሐሮ ማለት ሐይቅ ማለት ነውና። በአማርኛ ዓለማያ ተብሎ ይጻፍ በነበረበት ዘመን ስሙ ዓለም ያየ የሚል ትርጉም ያለው የሚመስላቸው ብዙዎች ነበሩ። ትርጉሙ የተሳሳተ ቢሆንም፣ ሐይቁ ያየውን ለሚያውቅ ሰው ፈጽሞ የማይገባው ስም አልነበረም።

ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት፣ ወደ መናገሻ ከተማ የሚሄድ ሰው ሁሉ በድሬዳዋ ከባቡር ወርዶ ጓዙን በበቅሎና በግመል ይጭን ነበር። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር እንኳ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ለመዋዋል በ1896 ዓ. ም. ሲመጣ ያደረገው ይህንኑ ነው። ለመንገደኛው ሁለት መንገዶች ነበሩት፤ አንደኛው በቆላው በበረሃው በኩል ወደ አዋሽ የሚወስደው ሲሆን፣ ሁለተኛው በደጋው ላይ በቁልቢና በጨለንቆ አድርጎ በጨርጨር የሚያልፈው ነው። ደጋውን ለመረጠ ሰው በሐረማያ ዙሪያ ያለው ሜዳ ሣርና ውኃ ያለበት ስፍራ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ማንም ሰው ብቻውን በሜዳ አያድርም። ሽፍታውም አውሬውም ያስፈራ ስለ ነበር፣ መንገደኛ ሁሉ ከነጋድራሱ ጓዝ ወይም ከአንድ መኳንንት ጭፍራ ጋር ተጠግቶ ይጓዛል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ቢገኝ ወይ መነኩሴ ነው ወይ ሸሽቶ የሚሄድ ወንጀለኛ ነው ተብሎ ይጠረጠር ነበር። ለብቻ ተጉዞ በሐይቅ ዳር በጸጥታ ማደር ለሰው ደስታ የሆነው መንገዱ ከተሠራና ጸጥታ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ይህም ማለት እንዲህ ያለው ደስታ ራሱ የመንግሥት ሥራ ፍሬ ነው።

አሁን ወደ ታንኳው ነገር እንምጣ። የራስ መኰንን ልጅ ደጃዝማች ተፈሪ ከ1902 ዓ. ም. ጀምሮ የሐረርጌ ገዥ ነበሩ። በልጅነታቸው ካስተማሯቸው ሰዎች መካከል የጉዋደሉፑ ተወላጅ ሐኪም ዶክተር ቪታልየንና ኢትዮጵያዊው የካቶሊክ ካህን አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ይገኛሉ። አባ ሳሙኤል የውጭውን ቋንቋ ብቻ ሳይሆን የእውቀትን ፍቅር ለደቀ መዝሙራቸው ያስተላለፉ ሰው መሆናቸው ይታወቃል፤ ተማሪያቸውም በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን በጻፉ ጊዜ በከፍተኛ ምስጋና አንሥተዋቸዋል። ግንቦት 30 ቀን 1907 ዓ. ም. መምህሩና ተማሪው ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆነው በሐረማያ ሐይቅ ላይ በታንኳ ተሳፈሩ። ታንኳው አደጋ ደረሰበትና ተሳፋሪዎቹ ከውኃው ውስጥ ወደቁ። ደጃዝማች ተፈሪ ተረፉ። አባ ሳሙኤልና ሌሎች አብረዋቸው የነበሩ ሰዎች ግን ሰጥመው ሞቱ።

ደጃዝማች ተፈሪ በዚያን ቀን ሃያ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከዚህ በኋላ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት እንደ ቆየ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። የሐይቁ ውኃ መምህሩን ወስዶ ተማሪውን ባይተው ኖሮ በዚያ መስከረም አልጋ ወራሽ የሚሆነው ማን ነበር? ስለ መንግሥታቱ ማኅበር፣ ስለ ማይጨው፣ ስለ ስደቱና ስለ መመለሱ፣ በመጨረሻም ስለ 1966 ዓ. ም. ለውጥ የምናውቀው ታሪክ ሁሉ በምን መልክ ይጻፍ ነበር? ታሪክ ጸሐፊ «ቢሆን ኖሮ» እያለ ሊጽፍ አይገባውም ይባላል። ቢሆንም የታሪክ ተማሪዎች የሰገሌን ጦርነት ሲያጠኑ ከዚያ በፊት ስለ ሆነው ስለዚህ ትንሽ የመናፈሻ ጉዞ አለመስማታቸው ያስገርመኛል። አባ ሳሙኤልንም ከሊቃውንቱ ተርታ የሚያስታውሳቸው ሰው ጥቂት ነው።

በጣና ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ሰውንና እህልን ሲያመላልስ ኖሯል፤ የባሕር ዳርና የደሴቶቹ ሰው ከታንኳ ጋር ያደገ ነው። ሐረማያ ግን ትንሽ ሐይቅ ስለ ሆነ ማዶው ከዳር ይታያል፤ ዞሮ መሄድ ይቻላል። ሞቱም የመጣው ከዚህ ንቀት ይመስለኛል፤ ሰው ባሕርን ይፈራል፣ ሐይቅን ግን እንደ ኩሬ ይቈጥረዋል።

ከአደጋው አርባ ሦስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥር ወር 1950 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ሐይቅ አጠገብ ቆመው የእርሻ ኮሌጁን መረቁ። ኮሌጁ የተቋቋመው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነትና በኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ መምህራን እርዳታ ሲሆን፣ በዓለማያ ማስተማር የጀመረው በ1949 ዓ. ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያን ዕለት ውኃውን አይተው ምን እንዳሰቡ የሚነግረን የለም። ኮሌጁ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ በ1998 ዓ. ም. ሐረማያ የሚለውን ስም ይዟል።

የሐይቁ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ወደ ሐዘን ያዘነብላል። በ1970ዎቹ ዓመታት ገደማ ጥልቀቱ በጥልቁ ስፍራ 8 ሜትር ያህል ይደርስ ነበር። የሐረር ከተማ ሕዝብ ለአሥርተ ዓመታት የጠጣው ከዚህ ሐይቅ በቧንቧ እየተሳበ የሄደውን ውኃ ነው፤ የአወዳይና የሐረማያ ከተሞችም ተካፋዮች ነበሩ። ገበሬውም ሞተር ገዝቶ ጫቱንና አትክልቱን ማጠጣት ጀመረ። ጫት ከአወዳይ ገበያ ተነሥቶ ድንበር የሚሻገር ሸቀጥ ስለ ሆነ፣ በአንድ ሰዓት ለሞተር የወጣው የነዳጅ ዋጋ በትርፍ ይመለሳል። በዚህ ላይ የኮረብታው ዛፍ ተመንጥሮ ስለ ነበር ዝናቡ አፈሩን እየጠረገ ወደ ሐይቁ ያወርደው ጀመር፤ የሐይቁ ወለል በደለል ከፍ ሲል ውኃው ሳሳ፤ የሳሳውንም ፀሐይ ፈጥና ጠጣችው። መውጫ የሌለው ሐይቅ የሚሞተው እንዲህ ነው። በ1997 ዓ. ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ።

በዚያ ዘመን በሐረማያ ያለፈ መንገደኛ ታንኳ ይሄድበት በነበረው ስፍራ ከብት ሲግጥ ያይ ነበር። ውኃ ፈላጊዎች ደግሞ በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ እየቈፈሩ፣ ሞተራቸውን በአፉ ላይ ተክለው ከስር የቀረውን ይስቡ ነበር። የአባ ሳሙኤልን ሕይወት የወሰደውን ውኃ እግረኛ ጫማውን ሳያወልቅ ተሻገረው።

የድሬዳዋ ሰው ይህ ሁሉ የደጋው ጣጣ ነው ብሎ ሊያስብ ይችል ነበር። ነገር ግን ሐይቁ በደረቀ በዓመቱ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ. ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ወረደና በድሬዳዋ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገደለ። የደቻቱ ውኃ ከሐረማያ ሐይቅ የሚመጣ አይደለም፤ ተፋሰሳቸው ልዩ ልዩ ነው። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው ግን ያው የተራቈተው የሐረርጌ ደጋ ነው። ዛፍ የሌለው ኮረብታ ዝናቡን ይዞ ማቈየት ስለማይችል፣ በአንድ ወገን ሐይቁን በደለል ይሞላዋል፣ በሌላው ወገን ደረቁን አሸዋ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ያደርገዋል። ድሬዳዋ ለመናፈስ ሽቅብ የምታየው ተራራ በዚያች ሌሊት ቍልቍል መጣባት።

አንዳንድ ሰዎች ሐረማያ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ቢከለል ኖሮ ይድን ነበር ይላሉ። በስምጥ ሸለቆው ያሉት የአብጃታና የሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ተብለው ተከልለዋል፤ አብጃታ ግን ወደ እርሱ የሚመጣው ውኃ ለእርሻ እየተጠለፈ፣ ከራሱም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ እየተሳበ ከዳርቻው በብዙ ሸሽቷል። ድንኳን ተካዩ ከውኃው ዳር ያድር የነበረበት ስፍራ ዛሬ ጨዋማ ሜዳ ነው። አጥር ሰውንና ከብትን ይከለክላል እንጂ ከሩቅ የተጠለፈን ወንዝ አይመልስም።

ደስ የሚያሰኘው፣ ከ2010 ዓ. ም. ወዲህ የሐረማያ ውኃ እንደ ገና መመለሱ ነው። ዝናቡ በረታ፤ በኮረብታውም ላይ እርከንና ተከላ ተሠራ፤ ለዓመታት ሣር የበቀለበት ሜዳ ውኃ ሞላው፤ የውኃ ወፎችም መጡ። ዛሬ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ደንገጎን በእግሩ የወጣ ሰው፣ በልጅነቱ ሐይቅ ነበረ ሲባል የሰማውን ስፍራ በዐይኑ ሐይቅ ሆኖ ያገኘዋል። የሞተሩ ድምፅ ግን ከዳርቻው ፈጽሞ አልጠፋም።

ሐረርም ሐይቁ ከደረቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምትጠጣውን ያገኘችው ከቆላው፣ በድሬዳዋ ግዛት ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች ነው። ድሬዳዋ በሙቀት ስትጨነቅ ነፋስ ለመቀበል ትወጣው የነበረውን ዳገት፣ ከምድርዋ ሥር የተሳበው ውኃ በብረት ቧንቧ ይወጣው ጀመር።