ከሰባ ቁጥር እስከ ድሬዳዋ፤ ከቤተሰብ ጋር ወደ ትሮሊ ሙዚየም



በዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ወላጆች ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይገጥመናል። ልጆቹን የት እንውሰዳቸው? ገበያ አዳራሽ ከወሰድናቸው ኪሳችን ይራቆታል፤ ቤት ከዋሉ ደግሞ ዓይናቸው ከስክሪን አይነቀልም። በእኛ ቤት ሌላም ጥያቄ ነበረ። ከሁለት ዓመት በፊት ከድሬዳዋ የመጡት አጎቴ፣ ልጆቼ «አባባ» የሚሏቸው፣ ፔትዎርዝ ባለው ቤታችን መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይውላሉ። ቋንቋው አልገባ፣ ብርዱ አልለመድ ብሏቸው «ልጄ፣ እዚህ እኮ የተቀመጠ ዕቃ ሆንኩ፤ ወደ አገሬ ስደደኝ» ይሉኝ ነበር።

ልጆቹንም አጎቴንም በአንድ መኪና ጭኜ የሄድኩበትን ቦታ ለእናንተም ላስተዋውቃችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው ናሽናል ካፒታል ትሮሊ ሙዚየም ይባላል። የሚገኘው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ኮልስቪል በተባለ ሰፈር ነው። ትሮሊ ማለት በከተማ ጎዳና ላይ በተነጠፈ ሐዲድ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር፣ አንዳንዶቻችን ትራም የምንለው ነው። ሙዚየሙ ሕዝብ ማሳፈር የጀመረው በ1969 ሲሆን አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በሴፕቴምበር 2003 በተነሣ እሳት አንዱ ጋራዥ ከነስምንት ተሽከርካሪዎቹ ወድሟል። ቀጥሎ ደግሞ ኢንተርካውንቲ ኮኔክተር የተባለው አውራ ጎዳና ስለሚያልፍበት ስፍራውን መልቀቅ ግድ ሆነበት። ሰዎቹ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ እዚያው አቅራቢያ አዲስ ሕንፃና ሐዲድ ሠርተው በ2010 እንደገና በሩን ከፈቱ።

ስለ መንገዱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሙዚየሙ ያለው ቦኒፋንት ሮድ ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ከተማ ደግሞ ቦኒፋንት ስትሪት የሚባል አለ። እኔ መሐንዲስ ነኝ ብዬ አድራሻውን በደንብ ሳላነብ ነድቼ እዚያ ደረስኩ። ባለቤቴ «ሙዚየሙ የታለ?» ስትል ዙሪያችንን የከበበን የመኪና ማቆሚያ ፍለጋ ነበር። ትክክለኛው መንገድ ከፔትዎርዝ በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ ሲልቨር ስፕሪንግንና ዊተንን አልፎ ግሌንሞንት ሲደርሱ ወደ ሌይሂል ሮድ መታጠፍ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ቦኒፋንት ሮድን መያዝ ነው።

እዚህ ላይ ለፔትዎርዝ ነዋሪ የሚገርም ነገር አለ። ያ የነዳንበት ጆርጂያ አቬኑ ራሱ የትሮሊ መንገድ ነበር። ሰፈራችን ያደገው ሰው በሐዲድ መሐል ከተማ ሠርቶ ማታ መመለስ በመቻሉ ነው። በዋሽንግተን ጎዳናዎች በፈረስ የሚጎተት ባቡር የተጀመረው በ1862 ሲሆን የመጨረሻው የኤሌክትሪክ ትሮሊ የቆመው ጃንዋሪ 28 ቀን 1962 ነው፤ መቶ ዓመት ገደማ። የጆርጂያ አቬኑ መስመር የተነሣው ትንሽ ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 1960 ነው። ቁጥሩ ግን አልሞተም። የተተካው አውቶቡስ ሰባ ቁጥር ተብሎ እስከ ጁን 2025 ድረስ ስንቱን ሐበሻ ሥራ አድርሶ መልሷል! የሰባ ቁጥር አያት ትሮሊ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን?

በሙዚየሙ ውስጥ ከሚታዩት መካከል በዚያ በመጨረሻው ሌሊት ወደ ጋራዥ የገቡት 766 እና 1101 ቁጥሮች ይገኛሉ። ከካናዳዋ ቶሮንቶና ከሆላንዷ ሄግ የመጡም አሉ። ለእኔ ለኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ግን የከተማዋ ትሮሊ ኃይል የሚያገኝበት ዘዴ ከሁሉ በለጠብኝ። ሕጉ በመሐል ከተማ ሽቦ በአየር ላይ እንዳይዘረጋ ስለከለከለ፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ጠባብ ስንጥቅ ተትቶ ከሥሩ ቦይ ተቆፈረ። ኤሌክትሪኩ የሚሄደው በዚያ ቦይ ውስጥ ነው። ከትሮሊው ሆድ «ፕላው» የሚባል ምላስ በስንጥቁ ገብቶ ኃይሉን ይቀበላል። ትሮሊው ከከተማ ሲወጣ ጉድጓድ ውስጥ የሚጠብቅ ሠራተኛ ፕላውን ይነቅልና ላይ ያለው ዘንግ ከአየር ሽቦ ጋር ይገናኛል። ቦዩ ውኃና ቆሻሻ ስለሚገባበት ጥገናው ብዙ ገንዘብ ይበላ ነበር። ትሮሊውን የገደለው ግን ወጪው ብቻ አይደለም። ከ1955ቱ የሠራተኞች አድማ በኋላ ኮንግረስ ኩባንያውን ለአዲስ ባለቤት ሲያስተላልፍ ሁሉም በአውቶቡስ እንዲተካ ግዴታ አስገብቶ ነበር።

የመግቢያ ትኬቱ ጉዞንም ይጨምራል። ሐዲዱ አንድ ማይል ገደማ በዛፎች መካከል ይሄዳል። ትንሿ ልጄ ደወሉን በሰማች ቁጥር ትስቃለች፤ ታላቋ ስልኳን አላስቀመጠችም። አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ደከማቸው ብዬ ሳስብ «ይሰማሃል? የኋላው ማርሽ እያንቋረረ ነው» አሉኝ።

አጎቴ በድሬዳዋ ምድር ባቡር የጥገና ፋብሪካ ከሃያ ዓመት በላይ ቶርኖ ላይ ሠርተዋል። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ባቡር አይቆምምና፣ ብዙውን ዕቃ እዚያው ድሬዳዋ ቀርጸው ያወጡት እንደ እሳቸው ያሉ እጆች ነበሩ።

ከጉዞው በኋላ አንድ አዛውንት በጎ ፈቃደኛ የተበላ የነሐስ ቡሽንግ ሲያሳዩን አጎቴ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና ስሙን በፈረንሳይኛ ጠሩት፤ የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና። «አባባ ፈረንሳይኛ ይችላሉ እንዴ?» አለች ታላቋ ልጄ፣ ስልኳን ኪሷ እየከተተች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግማሽ ሰዓት ያህል በእጅ ምልክትና በእኔ ትርጉም ሲያወጉ እኔ አፈርኩ። ውጭ አገር ተምሬ መሐንዲስ የተባልኩ ሰው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «ምሳ በሉ? መድኃኒት ወሰዱ?» ከማለት በቀር ስለ ሙያቸው አንድ ጥያቄ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ነገሩ የቤተሰብ ወሬ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ በሴፕቴምበር 2015 ቀላል ባቡሯን ስትከፍት 41 ባቡሮች ነበሯት፤ በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። ዋሽንግተንም በ2016 ኤች ስትሪት ላይ ትሮሊ መልሳ ከጀመረች በኋላ በ2025 ልታቆመው ወሰነች። ባቡር መግዛት ቀላል ነው፤ የሚከብደው የሚጠግነውን እጅ ማቆየት ነው። ዕውቀቱ በመጽሐፍ ብቻ አይተላለፍም፤ ከሰው ወደ ሰው ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ምክር ልስጥ። ሙዚየሙ በየቀኑ ስለማይከፈት ከመነሣታችሁ በፊት ሰዓቱን አረጋግጡ። በአውቶቡስ መድረስ ስለሚያስቸግር መኪና ያዙ። ለትንንሽ ልጆች ቀለል ያለ ምሳ አይረሳ። አሌክሳንድሪያና አካባቢዋ ላላችሁ፣ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለው የስሚዝሶኒያን ኡድቫር ሄዚ ማዕከል መግቢያው ነፃ ነው፤ እዚያ ኮንኮርድ አውሮፕላንና ዲስከቨሪ መንኮራኩር ይታያሉ። ትልልቅ ባቡር ለሚወድ ልጅ ደግሞ ባልቲሞር ያለው የቢ ኤንድ ኦ ሙዚየም አለ። አገር ቤት የምትሄዱም ልጆቻችሁን ድሬዳዋ አሮጌው ጣቢያ ውሰዷቸው፤ ለገሃር የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የባቡር ጣቢያ መጠሪያ እንደመጣ ንገሯቸው።

ከሁሉ በላይ ግን አረጋዊ እናት ወይም አባት ቤት ካላችሁ አስከትሏቸው። ሹፌር፣ መካኒክ፣ ትኬት ቆራጭ፣ ብየዳ ሠራተኛ የነበሩ ሰዎች በየአፓርታማችን ተቀምጠዋል።

አጎቴ አሁንም «አገሬ ስደደኝ» ይላሉ፤ ይህን ሙዚየም አልፈወሰውም። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ታላቋ ልጄ ወረቀትና እርሳስ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠችና የቶርኖን ሥራ አስነሥታ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ሥዕሉን ሲስሉ እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ክቡ ግን ክብ ነበር።

ቸር ይግጠመን።