ጣሳ የተሰቀለበት ግቢ

በቀደም አንድ ወዳጄ «የድሮዋን ጨርቆስ ጠላ ቤቶች እስቲ ቁጠርልኝ» አለኝ። ጣቶቼን ዘርግቼ ጀመርኩ። ከሐዲዱ ወዲህ ያሉትን ቆጥሬ ሳልጨርስ የሁለቱ እጆቼ ጣቶች አለቁ። «ተወው፤ ጠላ የማይጠመቅባቸውን ቤቶች ልቁጠርልህ፤ እሱ ይቀላል» ብዬው ተሳሳቅን። ቀልድ ቢመስልም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚባል ነገር የለም። ረዘም ያለ እንጨት ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበት አጥሩ ላይ ከታሰረ ጠላ አለ ማለት ነው። ጣሳው ከወረደ ወይ ጠላው አልቋል፣ ወይ ቤቱ ውስጥ ሐዘን አለ። የሰፈር ሰው ጣሳ ያነብ ነበር፤ ፊደል ያልቆጠረውም ጭምር።

ጨርቆስን ጨርቆስ ያደረጋት ከቅዱስ ቂርቆስ ቀጥሎ ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። አሁንም ቆሞ የምናየው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ተመረቀ። «ለገሃር» እራሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ባቡር ጣቢያው» እንደማለት። ባቡር ያለበት ተሸካሚ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ሐዲድ ጠጋኝ አለ፣ ጭነት የሚያወርድና የሚጭን አለ። በ1915 የተቋቋመው የጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካም ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ነበር። ይኼ ሁሉ ሰው ማታ ጉሮሮው ይደርቃል። የሚገርመው፣ የጊዮርጊስ ቢራን ጠርሙስ ሲያጥብ የዋለው ሰው ማታ የሚጠጣው ጠላ ነበር። ቢራ ለእሱ ኪስ አልተሠራማ!

መጠጥ ቤት ስንል ሁሉን አንድ አድርገን እንደባልቃለን እንጂ መደብ ነበረው። ጠጅ ቤት ዘለግ ያለ አግዳሚ ወንበር፣ ብርሌ የተደረደረበት ጠረጴዛ፣ አንዳንዴም ማሲንቆውን ይዞ ጥግ የሚቀመጥ አዝማሪ አለው። ጠጅ ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት አዳራሽ ወርዶ የመጣ መጠጥ ስለሆነ ተራው ሰው ብርሌ ሲይዝ አቀማመጡ እንኳ ይለወጥ ነበር። አረቄ ቤት የችኩሎች ነው። አንዷን መለኪያ ቆሞ ጨልጦ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ይወጣል። ጠላ ቤት ግን ቤት ነው። የሰው መኖሪያ ቤት። አልጋው በመጋረጃ ተከልሎ ከመጋረጃው ወዲህ አግዳሚ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሚያጠና ልጅ።

ከመጋረጃው ወዲያ የነበርኩት ልጅ እኔ ነኝ።

ይህን ስጽፍ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። በአደባባይ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው ብል ማን ያምነኛል? አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። አራት ዓመቴ ላይ ሞተ። እናቴ የቀራት ሁለት ልጅ፣ አንድ ጋንና እጇ ነው። ጠላ ጠመቀች።

ጠላ መጥመቅን ከወንዶቻችን ብዙዎቹ የምናውቀው ከጣሳው በኩል ነው። ከጋኑ በኩል ሌላ ዓለም ነው። ጋኑ በግራዋ ይፈተጋል፣ በወይራ ይታጠናል። ጌሾ ይወቀጣል፤ ይጠነሰሳል። ብቅሉ ይፈጫል፣ እንኩሮው ይታመሳል፤ እሱ ሲታመስ ጭሱ ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ድፍድፉ። ከዚያ አፉን መርጎ መጠበቅ። ከጥንስስ እስከ ቅጂ ሳምንት ያልፋል፤ ደንበኛ ግን በየማታው ይመጣልና አንዱ ጋን ሲቀዳ ሌላው መጠንሰስ አለበት። ሴትየዋ ታማ መተኛት የለባትም ማለት ነው። ዋናው ካለቀ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል፤ እሱ ለጎረቤትና ለልጆች ነው። አተላው ደግሞ ከብት ላለው ይሸጣል። ምንም አይጣልም። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጓደኞቼ ስለ ብክነት ሲከራከሩ ስሰማ እናቴ ትዝ ትለኝና አፌን እይዝ ነበር። ለምን አፌን እንደያዝኩ እመጣበታለሁ።

ግድግዳችን ጭቃ ነው። ጭቃው እንዳይራገፍ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ብዙው አዲስ ዘመን። ማንበብ የተማርኩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ከአልጋዬ በላይ የነበረው ጋዜጣ ተገልብጦ ስለተለጠፈ ዛሬም የተገለበጠ ጽሑፍ ሳልቸገር አነባለሁ (ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ከጠረጴዛ ማዶ ሆኜ ሳነብባቸው ይደነግጡ ነበር)። ከጋዜጣው በታች፣ ጭቃው የተራቆተበት ቦታ ላይ ደግሞ የእናቴ ጽሑፍ አለ። ፊደል አታውቅም። ዱቤ ግን መመዝገብ አለበት። ስለዚህ በከሰል ትስላለች። ኮፍያ የማያወልቀው ሰውዬ ኮፍያ ነው። የባቡር ሠራተኛው ክብ መንኮራኩር ነው። አንካሳው ከዘራ። ከሥዕሉ ጎን የጠጣው ጣሳ ልክ ጭረት ይሰመራል። ደመወዝ ወጥቶ ሲከፈል በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። የወሩ መጨረሻ ላይ ግድግዳችን ጭረት በጭረት ይሆናል፤ ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ይነጣል።

አንድ ምሽት ባለ ኮፍያው ግድግዳውን ሲያይ ቆይቶ «እትዬ፣ ምነው እኔን ባዶ ኮፍያ ብቻ አደረጉኝ፤ ፊት የለኝም እንዴ?» አላት። እናቴ መቅጃውን ይዛ «ሲከፍሉ ፊት እሠራልዎታለሁ» አለችው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ዕለቱ የገብርኤል ነው፤ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከእሳት የወጡበት፣ ለእኛ ሰፈር የንግሥ ቀን። ታቦት ሸኝቶ የተመለሰው ሰው ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ስለ አዋጁ ሲያወራ፣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የተረዳሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናቴ አልቅሳ ስትስቅ። የቤት ኪራያችን ቀነሰ፤ ባለቤቱም ቀበሌ ሆነ። አዋጁ ስንቱን እንዳጠፋ፣ ለቀበሌ የተላለፉት ቤቶች ለዓመታት ጠጋኝ አጥተው እንዴት እንደፈራረሱ በኋላ አይተናል። የዚያን ቀን ግን ለጠላ ሻጭ ሴት የምሥራች ነበር። ታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም ካልጻፈ ዋሽቷል።

ከዚያ 1969 መጣ። ሊቀ መንበር መንግሥቱ ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ የሰበሩት በሚያዝያ ወር አብዮት አደባባይ ላይ ነው፤ ከእኛ ሰፈር በእግር ቅርብ ነው። ጠላ ቤታችን ድምፁ ጠፋ። የማይታወቅ ሰው ገብቶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ወሬ ወዲያው ወደ ዝናብና ወደ ጤፍ ዋጋ ይዞራል። የጆሮ ጠቢው ዘመን ነዋ። ግድግዳው ላይ ሁለት ሥዕሎች ጭረታቸው ሳይታበስ ቀረ። ደመወዝ ወጣ፣ ሌላ ደመወዝ ወጣ፤ ሰዎቹ አልመጡም። እናቴ አላበሰቻቸውም። «ዕዳቸውን ልሰርዝላቸው እንጂ እንዴት እነሱን አጠፋለሁ?» ስትል ሰምቻታለሁ። አንዱ መነጽር ነበር። ሌላው ደብተር።

ሰዓት እላፊው ሲጠብቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ። መሽቶበት መሄድ ያልቻለ ደንበኛ አግዳሚው ላይ ያድራል። እናቴ ጋቢ ታለብሰዋለች፤ እኔና ታናሼ በመጋረጃው ቀዳዳ የሚያንኮራፋ ጎልማሳ እያየን እንተኛለን።

በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። እናቴ ቀበሌ ሄዳ ተመዘገበች። እጇ ጌሾ ያጠቆረው፣ ጭስ ዓይኗን ያስለቀሰው ሴት ከሰዓት በኋላ እርሳስ ይዛ ሀሁ ትላለች፤ ማታ እኔ አርማለሁ። የምስክር ወረቀቷን ስትቀበል የገዛችው የመጀመሪያ ነገር ባለ መስመር ደብተር ነው። የዱቤ ደብተር። ግድግዳው ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ደብተሩ ተሻገሩ፤ ኮፍያው ስም ሆነ። ለእውነቱ፣ እኔ ሥዕሎቹን እመርጥ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉዴ ልምጣ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የእናቴ ሥራ ምን እንደሆነ ስጠየቅ «የቤት እመቤት» አልኩ። አስተማሪ ሆኜም አልኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «ሌቱም አይነጋልኝ» እያነሣሁ ስለ ውቤ በረሃ ሌሊቶች ስንት ሰዓት አውርቻለሁ! አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እርስዎ ግን ጠላ ቤት ገብተው ያውቃሉ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩና «ለጥናት ያህል» አልኩ። ልጅቷ አልሳቀችም። በኋላ ጠይቄ ሰማሁ፦ እናቷ ጠላ ትሸጥ ነበር። ያኔ ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔ አንዷን ብቻዋን ተውኳት።

ደግሞ የድሮ ነገር ሁሉ ማር ነበር እንዳልል። ሚስቱን ለመደብደብ ከእኛ ቤት ጠጥቶ የሚወጣ ነበር። የልጆቹን ወተት ጠጥቶ የሚያድር ነበር። እናቴ አንዳንዱን «ዛሬ በቃዎት» ብላ ትመልሳለች፤ አንዳንዱን ግን ጭረቱን እያሰበች ትቀዳለታለች። እኔ በዚያ ብር ነው የተማርኩት። ከአስፋልቱ ወዲያ ያሉት ቡና ቤቶች ደግሞ የባሰ ታሪክ አላቸው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ነው። በተከታዮቹ ዓመታት ከእነዚያ ቤቶች በር ላይ ቆመው ስማችንን እየጠሩ ይቀልዱብን ከነበሩት እህቶች ስንቶቹ ወደ መቃብር እንደወረዱ ሰፈሩ ያውቃል። አብዛኞቹን ዘመድ አልቀበራቸውም፤ የቀበራቸው ዕድር ነው፣ ያውም ዕድር የነበራቸውን።

ጠላ ቤቶቹን ምን አጠፋቸው? አንዱን ብቻ መወንጀል ይከብዳል። ቢራ ረከሰ፣ ድራፍት በየጥጉ ተንቆረቆረ። በ2003 የውጭ ኩባንያ የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች ሲገዛ ፉክክሩ ባሰ። ወጣቱ ጣሳ መያዝ አፈረ (ማፈሩን ከእኔ ነው የተማረው)። ኮንዶሚኒየም መጣ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ማን እንኩሮ ያምሳል? ለጋራ ማብሰያ ተብሎ በተሠራው ቤት ውስጥ ተራ ጠብቀው የሚጠምቁ ጥቂት ሴቶች አውቃለሁ፤ ጣሳ የሚሰቅሉበት አጥር ግን የላቸውም። አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው ለቡ ፉሪ ሆነ፤ ለገሃር ባቡር የሌለበት ለገሃር ሆኖ ቀረ። በ2016 የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ፤ ከነአዝማሪ ቤቶቹ። የጭቃ ቤት ይቆይ ብዬ አልከራከርም። ዝናብ ሲመጣ ገበቴ ይዤ ያደርኩ ሰው ነኝ። ነገር ግን አፍራሾቹ ሲለኩ የሚለኩት ካሬ ሜትር ነው።

የእኛ ቤት ቀደም ብሎ ነው የሄደው። እናቴ ከሞተች በኋላ ቀበሌው ቤቱን ለሌላ ሰጠ፤ እሱም ጋዜጣውን አንስቶ ቀለም ቀባው። ያኔ ዕቃ ለማውጣት ስሄድ መነጽሩና ደብተሩ አልነበሩም፤ ከሰል ከጭቃ ጋር ይራገፋል። የዱቤ ደብተሯን ግን ፍራሹ ሥር አገኘሁት። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በዚያ ከልጅ ጽሑፍ በማይሻል እጇ፣ አሥራ ስድስት ሰዎች አሉ። አሥራ አምስቱ ስም ናቸው። አንዱ ስሙ ከተጻፈ በኋላ ጎኑ ላይ ኮፍያ ተስሎለታል፤ ከኮፍያው ሥር ሁለት ዓይን፣ አፍንጫና ፈገግ ያለ አፍ።