ከመድረክ የሚበቅል ዝምድና፦ የተዋንያን ቅርበት ምንጭ ከአዲስ አበባ እስከ ገዳሪፍ

ተዋንያን ስለ ባልደረቦቻቸው ሲናገሩ አፋቸው የሚቀናው ወደ ዝምድና ነው። በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች ቀድሞ መድረክ የረገጠው «ጋሼ»፣ ቀድማ የረገጠችው «እትዬ» ይባላሉ፤ እኩዮችም ወንድምና እኅት ይባባላሉ። ይህ ቅርበት ብዙውን ጊዜ የሚተረጎመው በባሕርይ ነው፤ የጥበብ ሰው ስሜቱ ቅርብ፣ ልቡም ክፍት ስለሆነ ቶሎ ይዋደዳል ይባላል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን የተዋንያን መዋደድ ከሥራው አደረጃጀት ይመነጫል የሚል ነው። በሕዝብ ፊት የሚጋሩት አደጋ አንዱን በሌላው እጅ ይጥለዋል፤ ከዚያ የሚወለደው ቅርበት በፍጥነት ይበቅላል፤ ሥር መስደዱን የሚወስነው ግን አብሮ መቆየት ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሰጠን የአዲስ አበባ መድረክ ብቻ አይደለም፤ ከመተማ ማዶ በምሥራቅ ሱዳን ያለው የገዳሪፍ ምድርም ያስተምረናል።

በመጀመሪያ የሥራውን ጠባይ ቀረብ ብለን እንየው። በትዕይንት መሐል ቃል ለጠፋበት ተዋናይ አዘጋጁም ደራሲውም ሊደርሱለት አይችሉም። ሊያድነው የሚችለው ፊት ለፊቱ የቆመው ባልደረባው ብቻ ነው። እርሱም የጠፋውን ሐሳብ ጥያቄ አስመስሎ ያቀብለዋል፤ «ታዲያ ደብዳቤውን ለማን ሰጠኸው?» ይለዋል፣ ምልልሱም መንገዱን ይይዛል። ተመልካቹ ሳያውቅ ያልፋል፤ ሁለቱ ግን ማን ማንን እንዳተረፈ ያውቃሉ። ነገ ደግሞ ውለታው በተራው ይመለሳል። ከዚህ በፊት ያለው የጥናት ጊዜም ቀላል አይደለም። ከጠረጴዛ ዙሪያ ንባብ ጀምሮ ሰው በባልደረባው ፊት ይሳሳታል፣ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ ይታረማል። በሌላ ሙያ የሚሸሸገው ድክመት በዚህ ሙያ ሁሉም እያየው የሚሠራበት ጉዳይ ነው። የታሪክ ምሁሩ ዊልያም ማክኒል እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት በወታደራዊ ሰልፍም ሆነ በጭፈራ አካላቸውን በአንድ ምት ያንቀሳቀሱ ሰዎች ጥልቅ የአንድነት ስሜት እንደሚያድርባቸው አሳይቷል። ተዋንያንም ርምጃቸውንና ትንፋሻቸውን ሳይቀር ለሳምንታት እርስ በርስ ሲያስተካክሉ ይከርማሉ።

ይሁን እንጂ አብሮ መሥራት በራሱ ምን ያህል ያስተሳስራል? አይሉኔድ ፒርስ፣ ዣክ ሎኔና ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ተመራማሪዎቹ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ጎልማሶች የተመዘገቡባቸውን የመዝሙር፣ የእጅ ሥራና የፈጠራ ጽሑፍ ክፍሎች ለሰባት ወራት ተከታተሉ። በመጀመሪያ ቶሎ የተቀራረቡት ዘማሪዎቹ ነበሩ፤ በሰባተኛው ወር ግን ሌሎቹም በቅርበት ደርሰውባቸዋል። የጋራ ክዋኔ ልዩ ጉልበቱ ቅርበትን ማፋጠን ነው ማለት ነው፤ ጥልቀቱን የሚያመጣው ተደጋግሞ መገናኘት ነው። ግኝቱ የተዋንያንን ፍቅር ከሁለት ከፍለን እንድናየው ያስገድደናል፤ አንዱ በጥቂት ሳምንታት የሚፈላው ነው፣ ሌላው ዓመታት የሚሻገረው።

የኢትዮጵያ ቴአትር ይህን ልዩነት አጉልቶ ያሳያል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ባለሙያዎችን በቋሚነት ቀጥረው የሚያሠሩ ቤቶች ናቸው። አንድ ተውኔት በሳምንት በተወሰነለት ቀን እየታየ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይዘልቃል። የአንዱ ትርዒት ሳያልቅ የሌላው ጥናት ይጀመራል፤ ያው ሰው ዛሬ ባል፣ ነገ ጠላት፣ ከነገ ወዲያ አባት ሆኖ ከያው ባልደረባ ጋር ይገናኛል። በፊልም ቀረጻ ግን ቡድኑ በጥቂት ሳምንታት ተዋዶ ይበተናል። በ1980 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ ቤቶች የተውጣጡ ከያንያንን ይዞ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የዘመተው የ«ሕዝብ ለሕዝብ» ጓድ ደግሞ ፍጥነትንም ቆይታንም አጣምሮ ነበር፤ አብሮ መጓዝ፣ አብሮ ማደርና በየምሽቱ በባዕድ ተመልካች ፊት መቆም በአንድ ላይ መጥተውበታል።

ምሥራቅ ሱዳን ክርክሩን ከመድረክ ውጭ እንድንፈትነው ዕድል ይሰጠናል። በገዳሪፍ ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ትልልቅ የትራክተር እርሻ ሲስፋፋ ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከትግራይ ደጋማ አካባቢዎች የጉልበት ሠራተኞች በየዓመቱ ድንበር ይሻገሩ ጀመር። የሰሊጥ አጨዳ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሬውን የያዘው ቆባ ከፈነዳ ምርቱ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ አጫጆቹ በቡድን ገብተው፣ እኩል ተሰልፈው ይቆርጣሉ፣ ነዶውን አስረው አቁመው ያደርቃሉ፣ ከአንድ ድስት በልተው በአንድ ዳስ ያድራሉ። ማንም «የጥበብ ሰው» አይላቸውም፤ ግን በጋራ ጥድፊያና በጋራ አደጋ ውስጥ የገባ ሰው ባልደረባውን ወንድም ማድረጉ በእነርሱም ዘንድ የታወቀ ነው። በዚሁ ምድር በኤርትራ የትጥቅ ትግል ዘመን የነጻነት ግንባሮቹ የኪነት ጓዶች በስደተኞች ፊት ሙዚቃና ድራማ አቅርበዋል። የእነዚህ ከያንያን ኑሮ፣ ጉዞና መድረክ አንድ ነበር፤ ደመወዝም አልነበራቸውም። የሥራው አደረጃጀት ሕይወትን በሙሉ ሲይዝ ቅርበቱም ወደ ዝምድና ይጠጋል።

ለዚህ መከራከሪያ ሦስት ተቃውሞዎች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ ተዋንያን የሚዋደዱት ኅብረተሰቡ ስለገፋቸው ነው የሚል ነው። እውነት አለው፤ እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ቀደምት ሴት ተዋንያን ወደ መድረክ ሲወጡ ሙያው የተናቀ ነበር፣ የተናቀም ሰው ወደ ብጤው ይጠጋል። ነገር ግን ንቀቱ ለአድናቆት ቦታ ከለቀቀ በኋላም ቅርበቱ ስለቀጠለ መገፋት አጋዥ እንጂ ሥር ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው፣ ፍቅሩ ራሱ ትወና ነው፣ የሚቀጥለውን ሥራ ለማግኘት የሚደረግ መሞጋገስ ነው ይላል። በካሜራ ፊት የሚነገረው ውዳሴ ጥቅም ሊኖርበት ይችላል፤ ቃል ሲጠፋ በመድረክ ላይ የሚደርስ እጅ ግን በቃለ መጠይቅ አይገኝም። ሦስተኛውና ጠንካራው በየቴአትር ቤቱ ያለውን ቅናት፣ ቡድንተኝነትና ኩርፊያ ያነሣል። ይህ መከራከሪያዬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ መደጋገፍ ሰዎችን ያቀራርባል እንጂ ጠብን አያጠፋም። መሪ ገጸ ባሕርይ ለአንድ ሰው ብቻ በሚሰጥበት ቤት ፍቅርና ቅናት ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ የማይመካበት ባዕድ ያስቀናው ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ድምዳሜ ለድንበሩ አካባቢ ተግባራዊ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ ከትግራይ የሸሹ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በገዳሪፍ ግዛት በእምራኩባና በቱናይድባ ጣቢያዎች ተጠለሉ፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሱዳናውያን በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ከጎረቤቱና ከዘመዱ የተነጠለ ሰው ከምግብና ከመጠለያ ቀጥሎ የሚያጣው የሚመካበት ሰው ነው። ድራማን ለአንድ ቀን ቅስቀሳ ብቻ የሚጠቀም አሠራር የክዋኔውን ፈጣን ጉልበት ይቀሰቅስና ቡድኑን መልሶ ይበትነዋል። ያው ጓድ ወር ከወር የሚያጠናበት፣ የሚሳሳትበትና የሚታረምበት ቋሚ ቦታ ቢያገኝ ግን ከትርዒቱ የሚበልጥ ነገር ይተርፋል። ለተዋናይም ለስደተኛም ቅርበት የሚገነባው በስሜት ግለት ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ ለሰው በመድረስና ሰው ሲደርስልን በማየት ነውና፣ ለጥበብ የሚመደብ ገንዘብና ጊዜ በትርዒቶች ቁጥር ሳይሆን በጓዶች ዕድሜ ሊለካ ይገባዋል።