ሴራና ትልም
ኮሪያዊው «አይሪስ» ከፎገራ ሜዳ ሲታይ

የአማርኛ የሥነ ጽሑፍ ሂስ የአንድን ድርሰት ድርጊቶች ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚያያይዘውን የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት በሁለት ስሞች ሲጠራው ኖሯል። አንዱ «ሴራ» ነው፤ ሁለተኛው «ትልም» ነው። ሴራ በጓዳ የሚዶለት፣ ጥቂቶች የሚያውቁትና ብዙዎች የሚጐዱበት ነገር ነው። ትልም ግን ገበሬ በሬውን ጠምዶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንደርተኛው ሁሉ እያየው በመሬት ላይ የሚያወጣው መስመር ነው። ሁለቱ ቃላት በሂስ ገጾች ላይ እንደ አቻ ይቈጠሩ እንጂ ስለ ታሪክ የሚናገሩት የተለያየ ነው። የመጀመሪያው፣ ነገር የሚሆነው ስውር እጅ ስለ ሸረበው ነው ይላል፤ ሁለተኛው፣ ነገር የሚሆነው ብዙ እጅ ስለ ሠራው ነው ይላል። ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ለማየት፣ በደቡብ ጎንደር የሚገኘውን የፎገራ ሜዳ ከአንድ የኮሪያ የቴሌቪዥን ድራማ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል።

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ በየክረምቱ ደለል የሚያለብሱት ሜዳ ነው። ከተማው ወረታ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ከሚዘልቀው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ሜዳው ለረጅም ዘመን ስሙ የሚነሣው በፎገራ ከብት ነበር። ውሃ የሚተኛበት መሬት ከግጦሽ በቀር ለሌላ ጥቅም እምብዛም አይታሰብም ነበር፤ ጐርፉ ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ግን ከሰሜን ኮሪያ የግብርና ባለሙያዎች ወደዚህ አካባቢ መጡ። በፎገራ ሻጋ፣ በአጐራባቹ ደራ ደግሞ ጅግና በተባሉት ቦታዎች በነበሩት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሩዝ እርሻ ተጀመረ።

ኮሪያ ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ እንግዳ አገር አልነበረችም። በ1943 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ፑሳን ወደብ ገብቷል። በየተራ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ወታደሮች መካከል ከ120 በላይ በውጊያ ወድቀዋል፤ ከ500 በላይ ቈስለዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። በ1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደቡብ ኮሪያን ሲጐበኙ በቹንቾን ከተማ የዘማቾቹን መታሰቢያ ሐውልት መርቀዋል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ወዳጅነቱ ወደ ሰሜን ዞረ። በ1977 ዓ.ም. መስከረም በአዲስ አበባ የተመረቀው የትግላችን ሐውልት የሰሜን ኮሪያ ቀራጮች እጅ ያረፈበት ሥራ ነው። እንግዲህ አንዲት አገር፣ ዐርባ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሰሜን ኮሪያን በምሽግ ተኩሳበታለች፤ ከሰሜን ኮሪያም የሩዝ ዘር ተቀብላለች።

ሦስተኛዋ ኮሪያ በቴሌቪዥን የመጣችው ናት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ኮሪያ ተከታታይ ድራማዎች ከአገራቸው አልፈው በእስያ፣ ቈይተውም በዓለም ተሠራጭተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀረበውና የብዙ ሕዝብ እንባ ያፈሰሰው «የክረምት ሶናታ» ዋና የቀረጻ ሥፍራው የቃኘው ሐውልት በቆመባት በቹንቾን የሚገኘው የናሚ ደሴት ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱን ኮሪያዎች በአንድ መድረክ ፊት ለፊት በማቆም ረገድ ከታወቁት ሥራዎች አንዱ «አይሪስ» የተባለው ልብ አንጠልጣይ ድራማ ነው። ኬቢኤስ በተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 2009 በ20 ክፍሎች ታይቷል። ብርታቱም ድካሙም የሚገባው ግን የበቀለበት አፈር ሲታወቅ ነው።

የኮሪያ ሜሎድራማ የተወለደው በቴሌቪዥን አይደለም፤ በመድረክ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1910 በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ከወደቀች በኋላ፣ ጃፓኖች «አዲሱ ወገን» ብለው የሰየሙት የቴአትር ስልት ባሕር ተሻግሮ «ሲንፓ» በሚል ስም ሥር ሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1913 ከጃፓንኛ ልብ ወለድ ተመልሶ የቀረበው «ጃንግሃንሞንግ» ድኻ ወዳጇን ለባለጸጋ የለወጠች ሴትን ታሪክ ይዞ ተመልካቹን አስለቅሷል። ከዚያ ወዲህ «ሲንፓ» የሚለው ቃል ራሱ ትርጉሙ ዞረ፤ ዛሬ ኮሪያውያን ቃሉን የሚጠቀሙበት እንባን በግድ ለሚጠመዝዝ ሥራ ነው። በኋላም «ማክጃንግ» የሚል ሌላ ቃል ጨመሩበት። ቃሉ በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ መውጫ የሌለውን የመጨረሻ ጫፍ የሚያመለክት ሲሆን፣ ድራማ ላይ ሲውል ክሕደት በክሕደት፣ ምስጢር በምስጢር ላይ የሚከመርበትን፣ ከመጠን ያለፈ ታሪክ ይሰይማል።

ሆኖም ይህን ሁሉ ከመጠን ያለፈ ፈጠራ ነው ብሎ መጣል ታሪክን መዘንጋት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1983 ኬቢኤስ በጦርነቱ የተበታተኑ ቤተ ዘመዶችን የሚያፈላልግ የቀጥታ ሥርጭት ጀመረ። ለአንድ ምሽት የታቀደው ዝግጅት 138 ቀን፣ ከ450 ሰዓት በላይ ዘለቀ። በአንድ አገር እየኖሩ የማይተዋወቁ እኅትና ወንድም፣ እናትና ልጅ በጠባሳ፣ በመንደር ስም፣ በልጅነት ቅጽል እየተለያዩ በካሜራ ፊት ተቃቀፉ። ከ10,000 በላይ ቤተሰቦች በዚህ መንገድ ተገናኝተዋል። ዩኔስኮም የሥርጭቱን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም የትውስታ ቅርስነት መዝግቦታል። የጥንት ግሪኮች ለትራጄዲ ጫፍ ያኖሩት የመተዋወቅ ትዕይንት ለኮሪያ ሕዝብ የደራሲ ብልሃት ሳይሆን የኑሮው ገጠመኝ ነበር። ስለዚህ የጠፋ ወንድም ሲገኝ፣ የሞተ የተባለ ወዳጅ በር ሲያንኳኳ የኮሪያ ተመልካች ቢያለቅስ፣ የሚያለቅሰው ለተዋናዩ ብቻ አይደለም።

«አይሪስ» የሚነሣው ከዚህ ቍስል ነው። ኪም ህዮን ጁንና ጂን ሳ ዉ በልዩ ጦር ውስጥ እንደ ወንድማማች የኖሩ ጓደኛሞች ናቸው። ሁለቱም ለአንድ የምስጢር መሥሪያ ቤት ይመለመላሉ፤ ሁለቱም ቾይ ሱንግ ሂ የተባለችውን የሥራ ባልደረባቸውን ያፈቅራሉ። ህዮን ጁን አንድ የሰሜን ኮሪያ ባለሥልጣን እንዲገድል ወደ ቡዳፔስት ይላካል፤ ግዳጁን ሲፈጽም የላከው አለቃ ይክደዋል፤ ነፍሱን እንዲያጠፋ የታዘዘውም ጓደኛው ሳ ዉ ነው። ከሞት አምልጦ በሚሸሽበት ጊዜ እንድትገድለው የተላከችው የሰሜን ሰላይ ኪም ሶን ህዋ በመጨረሻ አጋሩ ትሆናለች። ከሁሉም በስተጀርባ ግን የሁለቱን ኮሪያዎች መታረቅ የማይሻ፣ «አይሪስ» የተባለ ስውር ድርጅት አለ።

የሥራው የመጀመሪያ ብርታት የግል ክሕደትን ከአገር መከፈል ጋር በአንድ ገመድ ማሰሩ ነው። ሳ ዉ በጓደኛው ላይ መሣሪያ ሲያነሣ ተመልካቹ የሚያየው ሁለት ሰዎችን ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1950 በወንድሙ ላይ የተኰሰውን ወንድም ጭምር ነው። ሜሎድራማ ከሌሎች የድራማ ዓይነቶች የሚበልጥበት ችሎታ ይህ ነው፤ በሐተታ የማይጨበጠውን የሕዝብ መከራ በአንድ ፊት፣ በአንድ እጅ መንቀጥቀጥ ላይ ያሳያል። ሁለተኛው ብርታት የትወናው ነው። ሊ ብዩንግ ሁን የተካደውን ሰው ቍጣ በጩኸት ሳይሆን በዝምታ ተሸክሞታል፤ ኪም ሶ ዮን ደግሞ በሶን ህዋ ውስጥ ትእዛዝና ኅሊና ሲታገሉ በጥቂት ቃል አሳይታለች። ሦስተኛው ሰሜናዊውን ከጭራቅነት ማውጣቱ ነው። በቀድሞው የፀረ ኮሙኒዝም ዘመን በደቡብ መድረክ ሰሜናዊ ማለት አውሬ ማለት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታየው «ሺሪ» የተሰኘው ፊልም ለሰሜኗ ሰላይ የሚያፈቅር ልብ ሰጣት፤ «አይሪስም» በዚያው ዱካ ተጕዞ ክብርና ቃል ያላቸው ሰሜናውያንን አቅርቧል። ይህ ቀላል እርምጃ አይደለም።

ድካሙ የሚጀምረው ግን ብርታቱ ካለበት ሥፍራ ነው። ኮሪያ የተከፈለችው እ.ኤ.አ. በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ኃያላን በሠላሳ ስምንተኛው መስመር ላይ ስለ ቆሙ ነው፤ ክፍፍሉ የጸናውም ሦስት ዓመት በፈጀ ጦርነት፣ በርእዮተ ዓለምና በሁለት መንግሥታት ጥቅም ነው። ይህ ሁሉ በአደባባይ የታወቀ፣ ስም ያለው፣ ቀን የተቈጠረለት ነገር ነው። ድራማው ግን ይህን ትልም አጥፍቶ በምትኩ ሴራ አኖረ። መለያየቱን የሚያስቀጥለው ስም የለሽ ድርጅት ነው ሲል፣ ደቡቡንም ሰሜኑንም ከጥያቄ ነጻ አወጣ። ተመልካቹ ስለ ወንድሙ አልቅሶ ሲነሣ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። እንባው እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱ ግን ተሰውሯል።

ሁለተኛው ድካም የአጋጣሚ ብዛት ነው። ሰውየው መሞት ሲገባው ይድናል፤ መገናኘት የማይገባው በትክክለኛው ሰዓት ይገናኛል፤ በሴኡል መካከል የሚደረገው ተኩስ ዓይን ይይዛል እንጂ አንዱ ድርጊት ሌላውን ስለ መውለዱ አያሳምንም። የመጨረሻውም ትዕይንት ከዚሁ ወገን ነው። መከራውን ሁሉ ያለፈው ህዮን ጁን ወደምትጠብቀው ወዳጁ በመኪና ሲገሰግስ ከማይታይ ቦታ በተተኰሰ ጥይት ይወድቃል። በትራጄዲ ሰው የሚወድቀው ከባሕርዩና ከምርጫው የተነሣ ነው፤ እዚህ የወደቀው ግን ደራሲዎቹ የመጨረሻ እንባ ስለ ፈለጉ ነው። ብዙ ተመልካች መሰብሰቡ ለሥራው የማስለቀስ ኃይል ይመሰክራል፤ ለእውነትነቱ ግን ምስክር አይሆንም።

ሦስተኛው ድካም ከፎገራ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጐልቶ የሚታየው ነው። በዚህ ድራማ ጐልተው የሚታዩት ሰሜናውያን ወይ ሰላይ፣ ወይ ባለሥልጣን፣ ወይ ገዳይ ናቸው። ይወዳሉ፣ ይከዳሉ፣ ይሞታሉ፤ አይሠሩም። ሰብእናቸው የሚለካው ለማን እንዳለቀሱ ነው እንጂ በእጃቸው ምን እንደሚያውቁ አይደለም። የፎገራ ሜዳ ያየው ሰሜናዊ ግን ሌላ ነው፤ ውሃ ስለ ተኛበት መሬት የሚያውቅ፣ ዘር ይዞ የመጣ የሙያ ሰው ነው። ይህ ማለት የላከው መንግሥት ደግ ነበር ማለት አይደለም፤ አንዱ መንግሥት ለሌላው ሐውልትም ባለሙያም የሚልክበት የራሱ ሒሳብ ነበረው። ነገር ግን በአዲስ አበባ የቆመው ሐውልት ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሲቀር፣ በፎገራ ጭቃ የወደቀው ዘር ማንም ባልጻፈለት መንገድ ሄደ።

የሄደበትም መንገድ የትልም ምሳሌ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ በ1983 ዓ.ም. ከመጣው የሥርዓት ለውጥ ጋር ሲፈርሱ ሩዙ አብሮ አልጠፋም። ገበሬው በግል ማሳው ዘራው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ዘር ተቀባበለ፤ «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ የመንደሩን ስም ይዞ ሜዳውን ሞላ። ባልትናውም አብሮ ተለወጠ፤ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆነ፤ ከሩዝ ጠላና አረቄ ተጠመቀ፤ ገለባው ለከብት መኖ ዋለ። በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተተከሉ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ተቋቋመ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጐርፍ፣ ጥርጣሬ፣ ድካምና የሥርዓት መፍረስ አሉ፤ ግጭት አልጐደለውም። የጐደለው ስውር እጅ ብቻ ነው። ሁሉም እጅ ይታያል፤ ሁሉም እጅ ጭቃ ነክቶታል።

ይህ ጉዳይ የኮሪያውያን ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው «ሰው ለሰው» አበበ ባልቻ በተጫወተው በአስናቀ አማካይነት ተንኰል አድራጊ ሰው የአንድን አገር ተመልካች በየሳምንቱ እንዴት ሰቅዞ እንደሚይዝ አሳይቷል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃውሞ አሰምተዋል። ያን ጊዜ የተነሣው ክርክር በአመዛኙ ስለ ባሕል ወረራና ስለ እንጀራ ነበር። ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ ግን፣ በባዕድም ሆነ በአገር ልጅ ድምፅ የሚነገረው ታሪክ ነገሮች ለምን እንደሚሆኑ ለተመልካቹ ምን ያስተምረዋል የሚለው ነው። ወንድም በወንድሙ ላይ ደጋግሞ በተነሣበት አገር፣ መከራን ሁሉ በማይታይ እጅ ማሳበብ የሚያጽናና ሐሳብ ነው፤ ሕዝብን ግን ከገዛ ታሪኩ ውስጥ ያስወጣዋል። ያልታየ እጅ አይጠየቅም፤ ካልተጠየቀ ደግሞ ነገሩ ይደገማል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ጸሐፌ ተውኔት ከ«አይሪስ» ሊማረው የሚገባው ሁለት ነገር ነው። የሕዝብን ቍስል በአንድ ሰው ፊት ላይ የማሳየት ድፍረቱን ይውሰድ፤ እንባ የሚናቅ ነገር አይደለም። ለእንባው ምክንያት ሲፈልግ ግን ከጓዳ ወጥቶ ወደ ሜዳ ይውረድ። የፎገራ ገበሬ ሩዙ ከየት መጣ ተብሎ ቢጠየቅ ዘሩን ከማን እንደ ተቀበለ ይናገራል። ድራማም እንዲሁ ተጠይቆ የሚመልስ ሲሆን ነው፣ ተመልካቹ እንባውን ጠርጎ ሲነሣ በእጁ አንድ ነገር የሚቀርለት።