ፈጣኑ ጠመንጃና ዘገምተኛው፦ የአዳኝ ምርጫ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ



የመሣሪያ ታሪክ ስንጽፍ የፈጣሪውን ስም እንመዘግባለን፤ የገዢውን ሐሳብ ግን እምብዛም አንጠይቅም። አንድ አሜሪካዊ አዳኝ ከጠመንጃ ሻጭ ፊት ቆሞ ምን ያመዛዝን ነበር? የዛሬው ንግግሬ ይህን ይመረምራል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠመንጃው ከምላጩ ሥር የብረት እጀታ አለው። ተኳሹ እጀታውን ወደ ታች ገፍቶ ሲመልሰው ባዶው ቀለህ ይወጣል፣ አዲስ ጥይት ይጎርሳል። በ1860 የወጣው የሄንሪ ጠመንጃ ከአፈሙዙ በታች በተዘረጋ ቱቦ 16 ጥይት ይይዝ ነበር። ስመ ጥር የሆነው የ1873ቱ ዊንቸስተርም የዚሁ ዘር ነው።

ሆኖም ፍጥነት ብቻውን አደንን አያሳካም። የ1873ቱ ጠመንጃ አሠራር ረጅምና ኃይለኛ ጥይት የሚሸከም አልነበረም። ጥይቱ በሽጉጥም የሚተኮስ ነበር፤ በቅርብ ለቆመ አጋዘን ቢበቃም፣ በሩቅ ለተሰማራ የአሜሪካ ጎሽ አይመጥንም። ስለዚህ በ1870ዎቹ የጎሽ ቆዳ ነጋዴዎች ያሰማሯቸው አዳኞች በአብዛኛው የመረጡት እንደ ሻርፕስ ያለውን፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰውን ከባድ ጠመንጃ ነው። ሲኒማ ያስለመደንን ሥዕል እዚህ ላይ ማረም ይገባናል፤ በሚሊዮን ይቆጠር የነበረውን መንጋ ለመጥፋት ያቃረበው በዋናነት ዘገምተኛው መሣሪያ እንጂ ፈጣኑ አልነበረም።

ቴክኒካዊውን ችግር የፈታው የዩታው ተወላጅ ጆን ብራውኒንግ ነው። በእሱ ንድፍ የተሠራው የ1886ቱ ዊንቸስተር በሁለት ቋሚ የብረት መቆለፊያዎች እየተዘጋ ኃይለኛውን ጥይት ቻለ። የ1894ቱ ደግሞ ቀላል ነበር፤ በ1895 ጭስ አልባ ባሩድ ያለውን .30-30 ጥይት ሲያገኝ የጫካ አጋዘን አዳኞች መሣሪያ ሆነ። ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተመርቷል።

አንድ ገደብ ግን ቀረ። በቱቦው ውስጥ የኋለኛው ጥይት ጫፍ የፊተኛውን ከፕሱል ስለሚነካ፣ ሹል ጥይት በመሣሪያው ምት ሊፈነዳ ይችላል። የ1895ቱ ሞዴል ቱቦውን ትቶ ጥይቱን በሣጥን ደራርቦ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲመጣ ይህንኑ ሞዴል ይዞ ነበር።

እንግዲህ የምርጫው መለኪያ አውሬው፣ ርቀቱና መልክዓ ምድሩ ነበር። ስንት አውሬ ይገደል የሚለውን ግን ጠመንጃው አልወሰነም። ቆዳ በገበያ እስከተፈለገ ድረስ አንድ ጎራሹም ጨርሷል። ልጓም የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፤ ሩዝቬልትና ጓደኞቹ በ1887 የቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብን መሠረቱ፤ በ1900 የጸደቀው የሌሲ ሕግ ደግሞ በሕገ ወጥ መንገድ የተገደለ አውሬ ከግዛት ግዛት እንዳይጓጓዝ ከለከለ። ሕጉ የያዘው ምላጩን ሳይሆን ገበያውን ነው።

ተማሪዎቼ፣ ስናይድር፣ ውጅግራና ምንሽር ወደ አገራችን የገቡበትን ዘመን ስታጠኑም ይህን ጥያቄ አትርሱ። መሣሪያው ምን ይችል እንደነበረ ከመዘገባችሁ በኋላ፣ ማን ምን ፈልጎ እንደተኮሰና ማን ሊከለክለው ይችል እንደነበረ ጠይቁ።